የማይደረስባቸው የቡጢ ክብረ ወሰኖች፤ የሰውየው ናቸው ወይስ የዘመኑ?

ስለ ቡጢ ታሪክ የሚነጋገሩ ሰዎች ሁሉ ዞረው ዞረው ወደ አንድ ጥያቄ ይመለሳሉ፤ ይኸውም ከቀድሞዎቹ ቡጢኞች ክብረ ወሰን መካከል ከእንግዲህ ወዲያ ማንም ሊደርስበት የማይችለው የትኛው ነው? የሚል ነው። መልሱ ብዙውን ጊዜ በቍጥር ይሰጣል። እገሌ ይህን ያህል ጊዜ ተጋጠመ፤ እገሌ ይህን ያህል ዓመት ሳይሸነፍ ኖረ፤ የዛሬዎቹ ግን እኩሌታውን እንኳ አልሞከሩም ይባልና፥ ከዚያ በመነሣት የድሮ ሰው ከዛሬ ሰው ይበረታ ነበር ወደሚል ፍርድ ይደረሳል።

እኛ ይህን ፍርድ እንዳለ አንቀበለውም። ቍጥሩ እውነት ነው፤ ከቍጥሩ የሚወጣው ፍርድ ግን ገና መመርመር አለበት። የታሪክ ተማሪ እንዲህ ያለ ቍጥር ሲያገኝ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው «ዛሬ ይህን የሚያደርግ ሰው አለን?» ብሎ አይደለም፤ «በዚያው ዘመን፥ በዚያው ሕግና በዚያው ገበያ ይህን ያደረገ ሌላ ሰው ነበርን?» ብሎ ነው። ሌሎችም አድርገውት ከተገኘ፥ ወይም ለማድረግ ከተቃረቡ፥ ክብረ ወሰኑ ይበልጡን የዘመኑ ነው። ብቻውን ቆሞ ከተገኘ ግን በእውነት የሰውየው ነው ለማለት እንችላለን። ከዚህ ቀጥሎ ጥቂቶቹን በዚህ ሚዛን እንመዝናቸዋለን። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢው ልብ ይበልልን።

በመጀመሪያ ሕግ ራሱ በሩን ስለ ዘጋበት ክብረ ወሰን ባጭሩ እንናገር። በኤፕሪል 6 ቀን 1893 ዓ.ም. ማታ በአሜሪካ አገር በኒው ኦርሊንስ ከተማ አንዲ ቦወንና ጃክ በርክ የተባሉ ሁለት ቡጢኞች ጓንት አጥልቀው ግጥሚያ ጀመሩ። ሌሊቱን በሙሉ ሲደባደቡ አድረው ዳኛው ሲያስቆማቸው 110 ዙር አድርገው ነበር። አንዱ ዙር ሦስት ደቂቃ፥ በመካከሉም ያለው ዕረፍት አንድ ደቂቃ ስለ ሆነ፥ ሒሳቡ 7 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ አሸናፊ አልተገኘም። ቦወን በሚከተለው ዓመት በዲሴምበር ወር በሌላ ግጥሚያ በጡጫ ተመትቶ ሲወድቅ ጭንቅላቱ ከመድረኩ ወለል ጋራ ስለ ተጋጨ ሞተ። ከዚያ ወዲህ የዙሩ ቍጥር እየተቀነሰ መጥቶ ለሻምፒዮንነት በሚደረግ ግጥሚያ 15 ዙር ልማድ ሆነ። በኖቬምበር 13 ቀን 1982 የኮርያው ተወላጅ ዱክ ኩ ኪም ከሬይ ማንቺኒ ጋራ በላስ ቬጋስ ተጋጥሞ በ14ኛው ዙር ከወደቀ በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ ስለ ሞተ፥ ልዩ ልዩ የቡጢ ማኅበራት ተራ በተራ ወደ 12 ዙር ዝቅ አደረጉት። እንግዲህ የ1893ቱን ክብረ ወሰን ማንም አይሰብረውም፤ ምክንያቱ ግን ሰው ስለ ደከመ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ግጥሚያ አዘጋጅቶ በሕግ ፊት የሚቆም ሰው ስለማይገኝ ነው።

የሄንሪ አርምስትሮንግ ነገር ከዚህ ይለያል። በእርሱ ዘመን በሰፊው የታወቁት የክብደት ክፍሎች ስምንት ብቻ ነበሩ። አርምስትሮንግ በኦክቶበር 29 ቀን 1937 ፒቲ ሳሮንን አሸንፎ የ57 ኪሎውን ማዕረግ ያዘ። በሜይ 31 ቀን 1938 ባርኒ ሮስን አሸንፎ ሁለት ክፍል ዘለለና የ67 ኪሎውን ወሰደ። ከዚያም በዚያው ዓመት በኦገስት 17 ቀን ወደ ታች ተመልሶ ከሉ አምበርስ የ61 ኪሎውን ነጠቀ። አሥር ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከስምንቱ ማዕረጎች ሦስቱ ባንድ ሰው እጅ ገቡ ማለት ነው። ይህም አልበቃው ብሎ፥ በኦክቶበር ወር 1939 ከ9ኛው ቀን እስከ 30ኛው ቀን ባለው ጊዜ ብቻ የ67 ኪሎውን ማዕረግ አምስት ጊዜ አስከብሯል።

በሚዛናችን ስንመዝነው፥ ከዘመኑ ቡጢኞች ሦስት እንዲህ ያሉ ማዕረጎች ባንድ ጊዜ የያዘ ሌላ ሰው ስለሌለ፥ ክብረ ወሰኑ የሰውየው ነው። ዛሬ ግን በሩ ተዘግቷል። ማኅበራቱ አንድ ሰው በልዩ ልዩ ክብደት ሻምፒዮን ሆኖ እንዲቀመጥ ስለማይፈቅዱ፥ አንዱን ሲይዝ ሌላውን እንዲለቅ ያደርጉታል። በዚያ ላይ የክብደቱ ክፍሎች ወደ 17 ከፍ ብለዋል፤ ዋና ዋናዎቹ ማኅበራትም አራት ስለ ሆኑ በዓለም ላይ ከስድሳ በላይ «የዓለም ሻምፒዮን» የሚባል ማዕረግ አለ። የፊሊፒንሱ ማኒ ፓኪያዎ በስምንት የክብደት ክፍሎች ማዕረግ አግኝቷል፤ ይህም የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን ያገኘው በየተራ ነው እንጂ ባንድ ጊዜ አይደለም፤ ከስምንቱም አንዳንዶቹ በአርምስትሮንግ ዘመን የማይታወቁ ነበሩ። ስለዚህ ሁለቱን ማወዳደር አንዱን ባላገር በጋሻ መሬቱ፥ ሌላውን በጥማዱ ቍጥር እንደ ማወዳደር ይሆንብናል።

አሁን ወደ ግጥሚያ ብዛት እንምጣ። በዚህ ረገድ ሃሪ ግሬብ የተባለው የፒትስበርግ ሰው ሁልጊዜ ይጠቀሳል። ግሬብ በ1919 ዓ.ም. ብቻ 45 ጊዜ ተጋጥሞ አልተሸነፈም። ይህን የሚሰማ የዛሬ ሰው በስምንት ቀን አንድ ጊዜ ማለት እኮ ነው ብሎ ይደነግጣል። ነገር ግን ያን ጊዜ ግጥሚያው ምን ይመስል እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። በብዙ ከተሞች ሕጉ ለዳኛ በነጥብ የመፍረድ ሥልጣን ስለማይሰጥ፥ በዝረራ ካልተለየ በቀር አሸናፊውን በማግሥቱ የሚነግሩት ጋዜጠኞች ነበሩ። ቡጢኛውም የሚኖረው ከእያንዳንዱ ማታ በሚያገኘው አነስተኛ ገንዘብ ነው፤ እንደ ቀን ሠራተኛ ማለት ነው። ባቡር ተሳፍሮ ከከተማ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ደርሶ ይጋጠማል፤ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሳፈራል። በዓመት ሃያና ሠላሳ ጊዜ መጋጠም ለዘመኑ ቡጢኞች እንግዳ ነገር አልነበረም። ግሬብ ከሁሉ በለጠ እንጂ ከሁሉ አልተለየም። ከ1919 በኋላም ቢሆን አንድ ዐይኑ ታውሮበት በሌላው ብቻ እያየ መጋጠሙን አልተወም፤ ይህ የብርታት ምልክት ነውን ወይስ ሐኪም የሚቈጣጠረው ሰው ያለመኖሩ ምልክት? ሁለቱም ነው እንላለን።

ዊሊ ፔፕም ከዚሁ ወገን ነው። ከ1940 እስከ 1966 ባለው ጊዜ 229 ድል አግኝቷል። የመጀመሪያዎቹን 62 ግጥሚያዎች በሙሉ አሸንፎ የተሸነፈው በማርች 1943 ነው። በጃንዋሪ 1947 የተሳፈረበት አውሮፕላን ወድቆ ጀርባውና እግሩ ተሰብሮ ሳለ፥ ከአምስት ወር በኋላ ወደ መድረክ ተመልሶ አሸነፈ። በዚያው ዓመት ደግሞ ሬይ ሮቢንሰን በረጅሙ ጕዞው መካከል ነበር፤ ከፌብሩዋሪ 1943 እስከ ጁላይ 1951 ድረስ 91 ጊዜ ተጋጥሞ አልተሸነፈም።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት እንወዳለን። ከእነዚህ ከ91 ግጥሚያዎች አንዱ በጁን 24 ቀን 1947 በክሊቭላንድ ከተማ ከጂሚ ዶይል ጋራ የተደረገው ነው። ዶይል በ8ኛው ዙር በዝረራ ወደቀ፤ በማግሥቱም ሞተ። በክብረ ወሰን መዝገብ ላይ ግን ይህ ማታ የሚታየው እንደ ሌሎቹ አንድ ቍጥር ሆኖ ነው። 91 ብለን ስናደንቅ ዶይልንም አብረን መቍጠራችን ነው። ሃሪሰን ማርትላንድ የተባለ የኒው ጀርሲ ሐኪም በጭንቅላታቸው ላይ ብዙ ጡጫ የተቀበሉ ሰዎች እንዴት እግራቸው እንደሚወላከፍ፥ አእምሯቸውም እንዴት እንደሚደክም በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት የገለጸው በ1928 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ዕውቀቱ አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው ዕውቀቱን ሰምቶ ግጥሚያ የሚቀንስ ሰው ነው። ፔፕም ሮቢንሰንም በእርጅናቸው ጊዜ የማስታወስ ኃይላቸውን አጥተው ሞቱ።

የግጥሚያው ብዛት የቀነሰው ግን በሐኪሞች ምክር ብቻ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቴሌቪዥን በየቤቱ ገባ። ሰው ዐርብ ማታ ታላላቆቹን ቡጢኞች ከቤቱ ሳይወጣ ለማየት ሲችል፥ በሰፈሩ ወዳለችው ትንሽ የቡጢ አዳራሽ ገንዘብ ከፍሎ መሄዱን ተወ። አዳራሾቹ ተዘጉ፤ ወጣቱ ቡጢኛ በየሳምንቱ የሚማርበትና የሚበላበት ቦታ አጣ። ከዚያ ወዲህ ጥቂት ግጥሚያ ብዙ ገንዘብ የሚያስገኝበት ዘመን መጣ። ፍሎይድ ሜይዌዘር ከ1996 እስከ 2017 ድረስ በ21 ዓመት ውስጥ የተጋጠመው 50 ጊዜ ነው፤ ሁሉንም አሸንፏል። ግሬብ በአንድ ዓመት 45፥ ሜይዌዘር በ21 ዓመት 50! ይህ የሁለት ሰዎች ልዩነት ሳይሆን የሁለት ገበያዎች ልዩነት ነው። ሜይዌዘር የግሬብን ያህል ቢጋጠም ኖሮ ሞኝ በተባለ ነበር፤ ግሬብም የሜይዌዘርን ያህል ቢያርፍ በራብ በሞተ ነበር።

ስለ ሜይዌዘር ካነሣን ዘንድ፥ ሮኪ ማርቺያኖ በ1956 በ49 ድል ሳይሸነፍ ከመድረክ ሲወርድ ይህ ቍጥር የማይደረስበት ነው ተብሎ ነበር። ላሪ ሆምስ በ1985 እስከ 48 ደርሶ በማይክል ስፒንክስ ተሸነፈ፤ አባባሉም ይበልጥ ጸና። ነገር ግን በሌሎች የክብደት ክፍሎች ቍጥሩ ታልፏል። ሜይዌዘር 50ኛውን ድል ያገኘው የቡጢ ሥራ ጀማሪ ከነበረ ከሌላ ዐይነት ድብድብ ከመጣ ሰው ላይ ነው፤ ይህም እንደ ሌሎቹ ይቈጠራል። «ፈጽሞ አይሰበርም» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ መናገር የሚገባውም ስለዚህ ነው። ከባድ ሚዛን ውስጥ ግን ማርቺያኖ እስከ ዛሬ ብቻውን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን፥ ወደ ጆ ሉዊስ ደርሰናል። ሉዊስ በሜይ 13 ቀን 1914 በአላባማ ከድሆች ገበሬዎች ተወለደ፤ ልጅ ሳለም ቤተ ሰቡ ወደ ዲትሮይት ተሰደደ። እናቱ ቫዮሊን እንዲማርበት የሰጠችውን ገንዘብ የቡጢ መለማመጃ ቤት ከፈለበት ይባላል። በጁን 22 ቀን 1937 በቺካጎ ጂም ብራዶክን በ8ኛው ዙር በዝረራ አሸንፎ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ፤ ዕድሜው ያን ጊዜ 23 ዓመት ነበር። በማርች 1 ቀን 1949 በፈቃዱ እስኪለቅ ድረስ ማዕረጉን 25 ጊዜ አስከበረ። ከ25ቱ በነጥብ ያሸነፈው ሦስቱን ብቻ ነው።

የሉዊስን ስም ኢትዮጵያዊ አንባቢ ዝም ብሎ ሊያልፈው አይችልም። ሻምፒዮን ከመሆኑ ሁለት ዓመት በፊት፥ በጁን 25 ቀን 1935፥ በኒው ዮርክ ከተማ ከኢጣሊያዊው ከፕሪሞ ካርኔራ ጋራ ተጋጠመ። የወልወል ግጭት ከሆነ ወራት አልፈው ነበር፤ ሙሶሊኒ ወታደሩን በባሕር ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ያግዝ ነበር፤ ወረራው ሊጀመር የቀረው ከአራት ወር ያነሰ ጊዜ ነው። ካርኔራ ሻምፒዮን በነበረበት ጊዜ የፋሺስቱ መንግሥት እንደ አዲሱ የኢጣሊያ ጕልበት ምልክት አድርጎ አሳይቶት ነበር፤ በ1933 በሮም ሲጋጠም ሙሶሊኒ ራሱ ተገኝቶ ተመልክቷል። ስለዚህ የሐርለም ጥቍሮች በዚያ ማታ ያዩት ሁለት ሰዎችን አልነበረም፤ ኢትዮጵያንና ኢጣሊያን ነበር። ከስድሳ ሺህ በላይ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሜዳ ጠብ እንዳይነሣ ተፈርቶ፥ ግጥሚያውን የሚያስተዋውቀው ሰው ተመልካቹ ዘርና ቀለም ሳይለይ እንዲፈርድ አስቀድሞ ለመነ። ካርኔራ 118 ኪሎ፥ ሉዊስ 89 ኪሎ ይመዝኑ ነበር፤ የዳዊትንና የጎልያድን ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ የሚያስበውን አሰበ። በ6ኛው ዙር ዳኛው ግጥሚያውን አስቆመ፤ ሉዊስ አሸነፈ። እውነቱን ለመናገር ካርኔራ ራሱ ወንበዴዎች እየነዱ ገንዘቡን የበሉበት ምስኪን ሰው ነበር፤ ለአድዋም ሆነ ለወልወል ዕዳ የሚጠየቅ አልነበረም። ሉዊስም ቢሆን የ21 ዓመት ወጣት ነበር እንጂ የማንም መልእክተኛ አልነበረም። ነገር ግን ሕዝብ በምልክት ሲያስብ የሰዎቹን ፈቃድ አይጠይቅም።

ወደ ክብረ ወሰኑ እንመለስ። በሉዊስ ላይ ሁለት ቍጥሮች ተደባልቀው ይነገራሉ፤ አንደኛው የዘመኑ ርዝመት፥ 11 ዓመት ከ8 ወር፤ ሁለተኛው ማዕረጉን ያስከበረበት ብዛት፥ 25 ነው። እነዚህ መለየት አለባቸው። ሉዊስ በ1942 ወታደር ሆኖ ስለ ገባ፥ ከማርች 1942 እስከ ጁን 1946 ድረስ ከአራት ዓመት በላይ ለማዕረጉ አልተጋጠመም፤ ማዕረጉም በጦርነቱ ምክንያት ሳይነካ ተቀመጠለት። ስለዚህ የ11 ዓመቱ ርዝመት በከፊል የጦርነቱ ስጦታ ነው፤ በሚዛናችን ዘመኑ ድርሻውን ይወስዳል። ሃያ አምስቱ ግን ከዚህ ዕረፍት ውጭ በሰባት ዓመት ተኩል ገደማ የተፈጸመ ነው፤ በሦስት ወር ተኩል አንድ ጊዜ ማለት ነው። እንዲያውም ከዲሴምበር 1940 እስከ ጁን 1941 ድረስ በሰባት ወር ሰባት ጊዜ አስከብሯል። የዘመኑ ጋዜጠኞች በተጋጣሚዎቹ ደካማነት ያፌዙ ነበር፤ ሰባተኛው ቢሊ ኮን ግን እስከ 12ኛው ዙር በነጥብ እየመራው ቆይቶ በ13ኛው ነው በዝረራ የወደቀው።

ዘመኑ ይህን ለማድረግ ይመች ነበር እንዳንል፥ ከሉዊስ በፊት የነበሩትን እንቍጠር። ከ1930 እስከ 1937 ባለው ጊዜ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የነበሩት ሽሜሊንግ፥ ሻርኪ፥ ካርኔራ፥ ቤርና ብራዶክ ናቸው። ሽሜሊንግ አንድ ጊዜ፥ ካርኔራ ሁለት ጊዜ አስከበሩ፤ ሌሎቹ ሦስቱ በመጀመሪያው ግጥሚያቸው ተነጠቁ። የአምስቱ ድምር ሦስት ነው። ከእነርሱ በፊት የነበረው ዝነኛው ጃክ ዴምፕሲ በሰባት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ብቻ አስከበረ፤ ከመስከረም 1923 እስከ መስከረም 1926 ድረስ ሦስት ዓመት አልተጋጠመም፤ ሃሪ ዊልስ የተባለው ጥቍር ቡጢኛም ሲጠይቀው ሲጠይቀው ዕድሉን ሳያገኝ አረጀ። ጃክ ጆንሰን በ1915 ማዕረጉን ካጣ ጀምሮ እስከ 1937 ድረስ ለ22 ዓመት ለአንድም ጥቍር ሰው ይህን ማዕረግ የመሞከር ዕድል አልተሰጠም። እንግዲህ የሉዊስ ሃያ አምስት ከዛሬው ይልቅ ከራሱ ዘመን ጋራ ሲነጻጸር ነው የሚያስደንቀው። ሌሎቹ ማዕረጉን እንደ ውርስ ዕቃ ሸሽገው ሲያስቀምጡት፥ እርሱ እንደ በሬ አረሰበት።

ዋጋውን ግን ከፍሏል። በጃንዋሪ 1942 ባዲ ቤርን አሸንፎ ያገኘውን ገንዘብ ለባሕር ኃይል ወገኖች መርጃ ሰጠ፤ ያን ጊዜ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ጥቍር ሰው የሚቀበለው ምግብ ለማቅረብና ዕቃ ለማጠብ ብቻ ነበር። በማርች ከኤብ ሳይመን ጋራ ተጋጥሞ ያገኘውን ደግሞ ለምድር ጦሩ መርጃ ሰጠ። ከጦርነቱ በኋላ መንግሥት የግብር ዕዳ ጠየቀው፤ ወለዱ እየተደመረ ዕዳው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። ለዚህ ሲል ከመድረክ ከወረደ በኋላ ተመለሰ፤ በ1950 በኤዘርድ ቻርልስ፥ በ1951 በማርቺያኖ ተሸነፈ። በእርጅናው በላስ ቬጋስ በአንድ ቁማር ቤት እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ይሠራ ነበር። በኤፕሪል 12 ቀን 1981 ሞቶ በአርሊንግተን በወታደሮች መካነ መቃብር ተቀበረ።

ከእርሱ ወዲህ የተቃረቡት ጥቂቶች ናቸው። ሆምስ ከ1978 እስከ 1985 ድረስ 20 ጊዜ አስከብሯል። የዩክሬኑ ቭላዲሚር ክሊችኮ ከኤፕሪል 2006 እስከ ኖቬምበር 2015 ድረስ ሳያቋርጥ 18 ጊዜ አስከበረ፤ ይህም በስድስት ወር ከመንፈቅ ገደማ አንድ ጊዜ ይሆናል። በሉዊስ ፍጥነት ተጋጥሞ ሁሉንም ቢያሸንፍ ኖሮ ከሠላሳ በላይ ይደርስ ነበር፤ አልተጋጠመም፤ ዘመኑም እንዲጋጠም አልጠየቀውም። አንድ ታላቅ ግጥሚያ ለማዘጋጀት ወራት የሚፈጅ የውል ድርድር፥ የቴሌቪዥን ስምምነትና የአራት ማኅበራት ፈቃድ ያስፈልጋል። ኦሌክሳንደር ኡሲክ በሜይ 18 ቀን 2024 በሪያድ ታይሰን ፊውሪን አሸንፎ የአራቱንም ማኅበራት ቀበቶ ሰበሰበ፤ በሚከተለው ወር ግን ከአራቱ አንዱን መልቀቅ ግድ ሆነበት፤ ማኅበሩ ከመደበው ተጋጣሚ ጋራ ሊጋጠም ስላልቻለ። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚጋጠም ሻምፒዮን ሃያ አምስት ለመድረስ አሥራ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ይፈጅበታል። ኡሲክ የመጀመሪያውን የከባድ ሚዛን ቀበቶ ያገኘው በ2021 ዓ.ም. በ34 ዓመቱ ነው፤ ሉዊስ ሃያ አምስቱን ጨርሶ ማዕረጉን ሲለቅ ዕድሜው 34 ዓመት ነበር።